ያ እጅ የማን ነው?

ኪዳነወልድ ስልኩን የዘጋው መስሎታል። «እንዳትረሳ፣ እሺ» ብሎ ሲያበቃ ስልኩን አንድ ቦታ ላይ ጣል አደረገውና በተድላ ጆሮ ውስጥ የሳህን ኳኳታ፣ የወንበር ጉተታ፣ የሰው ጥሪ ይሰማ ጀመር። ከኳኳታው መሀል የወንድሙ ሚስት የሙሉዬ ድምፅ መጣ። «ከሰበታ ድረስ እሱን ከምታደክመው ከዚሁ ሰው ብንልክ አይሻልም?» ኪዳነወልድ ፈገግ ሲል የሚያሰማትን ያቺን የአፍንጫ ትንፋሽ አሰማ። «ማንን ትልኪያለሽ? ሁሉም በሥራ ተወጥሯል። ተድላ ያመጣዋል፤ እሱ ምን ሥራ አለው?» ተድላ በአንድ እጁ ስልኩን፣ በሌላው ቀለም የነካ የጫማ ብሩሽ ይዞ፣ አንድ እግሩ በጫማ አንድ እግሩ በካልሲ እንደሆነ ቆሞ ቀረ። እሱም ስልኩን አልዘጋውም። የሚጨምሩት ካለ ብሎ ጠበቀ። ምንም አልጨመሩም። ስለ ድንኳኑ ገመድ ማውራት ጀመሩ።

ተድላ ታላቅ ነው። በአራት ዓመት ይበልጠዋል። ኪዳነወልድ ልጅ ሳለ «ጋሼ» ነበር የሚለው፤ ዲግሪውን ይዞ የውኃ ፋብሪካው ሒሳብ ክፍል የገባ ሰሞን ያቺን ቃል እንደ አሮጌ ካፖርት አውልቆ ሰቀላት፣ እስከ ዛሬም አላወረዳትም። አሁን ደግሞ ታናሽ ታላቁን ዕቃ ግዛ ብሎ ይልካል። ዕቃውም አዳፕተር ነው። ዛሬ የእናታቸው የወይዘሮ የሺመቤት ሙት ዓመት ነው፤ የኪዳነወልድ ልጅ ያኔት የአያቷን ፎቶ ከያለበት ሰብስባ በትልቁ ቲቪ ለዘመድ ለማሳየት ስትዘጋጅ ሰንብታለች። ላፕቶፑ አዲስ ነው፣ ስስ ነው፣ ቀላል ነው እየተባለ ሲወደስ ከርሞ፣ ለካ ጎኑ ላይ ካሉት ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች በቀር ሌላ መግቢያ የለውም። ቲቪው ደግሞ የሚቀበለው ሰፊውን የኤችዲኤምአይ ገመድ ነው። ገመዱ አለ፣ ቲቪው አለ፣ ላፕቶፑ አለ፤ መሀል ላይ ሆና የምታገናኛቸው ጣት የምታህል ዕቃ ጠፍታ ቤቱ ሁሉ ተጨንቋል።

ሌላ ቀን ቢሆን «አላገኘሁም» ብሎ ባዶ እጁን በሄደ ነበር። ዛሬ ግን አልቻለም፤ ምክንያቱም ከኪዳነወልድ በፊት ያኔት ስልኩን ይዛ፣ «ጋሼ፣ ሰበታ በፋሲካ ያነሳኋችሁም አለ። እርስዎም አሉበት» ብላዋለች። ያኔት አባቷን አንተ፣ እሱን እርስዎ ነው የምትለው። ሌላው አክብሮት ይለዋል፤ እሱ ግን እንግዳ መሆኑን የምትነግረው ይመስለዋል። የሆነ ሆኖ ያቺን ፎቶ አይቷት አያውቅም። ከእናቱ ጋር የተነሳው ሌላ ፎቶም የለውም። የታመመች እናቱን ስድስት ዓመት ያነሳ፣ ያገላበጠ፣ በማንኪያ ያጎረሰ ሰው፣ አንዲት ፎቶ የለውም።

ክፍሉ አንድ ናት። የእናቱ የብረት አልጋ እስካሁን በግድግዳው ጥግ አለ፤ ፍራሹን አጣጥፎ በገመድ አስሮታል እንጂ አላወጣውም። የእሱ ፍራሽ መሬት ላይ ነው። አልጋው ባዶ ከሆነ ዓመት ሞላው፣ እሱ ግን አንድ ቀን አልተኛበትም። እናቱ እዚሁ አልጋ ላይ ነው ያረፈችው፤ ለቅሶው ግን ሱሉልታ፣ ኪዳነወልድ ቤት ተቀመጠ። የኪራይ ግቢ ድንኳን አይችልም፣ መኪና ማቆሚያ የለም፣ የኪዳነወልድ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እዚህ ድረስ አይመጡም ተባለና፣ በማለዳ ሬሳዋን በመኪና ጭነው ወሰዷት። ሦስቱን ቀን ለቀስተኛው ሁሉ «እግዜር ያጥናህ» የሚለው ኪዳነወልድን ነበር። ተድላ ከድንኳኑ አፍ አጠገብ፣ ከሹፌሮቹ ጋር ተቀመጠ። አንዱ ሹፌር «አንተስ ከማን ጋር መጣህ?» ብሎ ጠይቆታል። ይቺን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ግን ጫማውን ሲያስር፣ ሸሚዙን ሲተኩስ፣ ሻይ ሲያፈላ ትመጣበታለች።

ሲወጣ አከራዩ ኦቦ ገርባ በር ላይ ቆመው የአቮካዶውን ዛፍ ቅርንጫፍ ይከረክማሉ። «አካም ቡልቴ፣ ተድላ?»

«ነጋ፣ ደህና አድሬያለሁ፣ ኦቦ ገርባ።»

«ዛሬ የአዮ ቀን ነው አይደል? እኔም እመጣ ነበር፣ ጉልበቴ ነው። ወንድምህን ሰላም በልልኝ» አሉና መጋዙን አስቀምጠው ኮሌታውን አስተካከሉለት። እናቱን አዮ፣ እማማ እንደ ማለት፣ ነበር የሚሏት፤ እሷም ኦሮምኛ ሳትችል በእጇ ምልክት ስታወራቸው ትውል ነበር። ተድላ አመስግኖ ወጣ። እዚያ የሚሰበሰበው ዘመድ ሁሉ ተደምሮ የኚህን ሰው ግማሽ አያህልም ብሎ አሰበ፤ ወዲያው ግን ደስ የማይል ነገር ትዝ አለው፦ ድንኳን አይተከልም ያሉት እኚሁ ናቸው ተብሎ የተነገረው በኪዳነወልድ በኩል ነበር፤ እሱ ራሱ ጠይቋቸው አያውቅም።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ! ፋዘር፣ አንድ ሰው ነው፣ ጠጋ በሉ!» ሲል ተድላ «ከዚህ በላይ የት ልጠጋ?» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። አዲስ የገባው ሰው በግማሽ ጎኑ ተንጠልጥሎ እስከ አየር ጤና ሄደ። ከአየር ጤና አውቶቡስ ተራ፤ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ውስጥ ቻርጀርና ጆሮ ማዳመጫ እንደ ሽንኩርት ጉንጉን ከተሰቀለባቸው ሱቆች አንዱ ጋ ቆመ። ሻጩን ጎረቤቶቹ ዲኖ ይሉታል። ተድላ ያኔት በቴሌግራም የላከችለትን ፎቶ፣ የላፕቶፑን ጎንና የቲቪውን ጀርባ፣ በተሰነጠቀው ስልኩ አሳየው።

«ይቺ ታይፕ ሲ ነች» አለ ዲኖ። «ቲቪው ደግሞ ሴቴ ነው። ወንዴው ገመድ ቤት አላችሁ?»

«አላቸው አሉ።»

«አላቸው? የእርስዎ ቤት አይደለም እንዴ?»

«የወንድሜ ነው።»

«በቃ፣ ይቺ ሁለቱን ታጋባልዎታለች» አለና አንዲት ጥቁር፣ አጭር ጭራ ያላት ነገር አወጣ። «ቻይና ስለሆነች አንዳንዴ ላላ ትላለች፤ ያኔ በእጅ ያዝ ማድረግ ነው። ፋዘር፣ እርስዎስ አግብተዋል?»

«አንተ ዕቃህን ሽጥ።»

የጎረቤት ሻጮች ሳቁ። ሺህ ሁለት መቶ ያለውን በሺህ ብር ሰጠው። ተድላ አዳፕተሯን በደረት ኪሱ ከመሐረቡ ጋር ከተታትና ወደ አዲሱ ገበያ የሚሄድ ታክሲ፣ ከዚያም የሱሉልታውን ያዘ። እንጦጦን ወጥተው ወደ ሱሉልታ ሲወርዱ ነፋሱ በመስኮት ገባ፤ ሜዳው ላይ ሯጮች በቱታ ሰልፍ ሠርተው ይሮጣሉ፤ እሱ ግን የሚያየው ሌላ ነበር። ፋሲካ ነው። እናቱ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ነጭ ለብሳለች፣ ዘመድ ከኋላዋ ተደርድሯል። እሱ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎላታል፤ ያለዚያ ወደ ጎን ታዘነብል ነበር። ያቺ ፎቶ በዚያ ግድግዳ በሚያህል ቲቪ ላይ ስትወጣ፣ አንድ እንኳ ሰው፣ ከሹፌሮቹም ቢሆን አንዱ፣ «ለካ የያዛት እሱ ነው» ይላል። ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ለዚች ብሎ ነው ዕቃ ተሸክሞ የሚሄደው።

ኪዳነወልድ በር ላይ አገኘው። ጥቁር ሱፍ ለብሷል። «አመጣኸው?» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ሰላም ያለው፣ ያውም ትከሻውን ሳይነካ፣ ዓይኑ የተድላን ኪስ እያየ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ጸበል ጻዲቁን ባርከው ሄደዋል። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል፤ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሶፋውን ይዘዋል፣ ዘመድ በፕላስቲክ ወንበር፣ ሽማግሌዎቹ በግድግዳው ጥግ። ቲቪው ከነመደርደሪያው ግድግዳውን ሞልቶ ጥቁር ሆኖ ቆሟል። ያኔት ከላፕቶፑ ላይ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ነፍሴን አተረፏት!» አለችና አዳፕተሯን ከእጁ ተቀብላ ሰካቻት። ቲቪው «ኖ ሲግናል» አለ።

እዚያ ቤት ውስጥ ምክር የሌለው ሰው ጠፋ። አንዱ ሪሞቱን ተጫኚ አለ፤ ሪሞቱ ከሶፋው ትራስ ሥር ሲገኝ ባትሪ የለውም። ሌላው ገመዱን እፍ በይው አለ፤ የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባ መብራቱ ነው አለ። በመጨረሻ ያኔት ከቲቪው ጀርባ ያለችውን ቁልፍ እየዳበሰች መግቢያውን ቀየረች፤ ምስል መጣ። ግን ባዶ ምስል ነው፤ ሰማያዊ ተራራና ሐይቅ፣ ማንም የሌለበት። «አያትሽ እዚያ ነው የሄዱት?» አለ አንዱ፤ በሐዘን ቤት የሚሳቀውን ያህል ተሳቀ። «ላፕቶፑ ቲቪውን እንደ ሌላ ተጨማሪ ገጽ ቆጥሮት ነው፤ አንተ ላይ ያለውን ያንኑ አሳይ ማለት አለብኝ» አለችና አንድ ሁለት ነገር ነካካች። ያን ጊዜ የወይዘሮ የሺመቤት ፊት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላ። ከታች ያኔት የጻፈችው «ነፍስ ይማር እማምዬ» የሚለው ጽሑፍ ነበር፤ የመጀመሪያው ፊደልና የመጨረሻው ፊደል ከጠርዙ ውጭ ቀርተዋል። «ያኔት፣ ፊደል ሳትጨርሺ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?» አለ ከሶፋው አንዱ። «ኋላ አስተካክለዋለሁ» አለች። ሴቶቹ ማልቀስ ስለ ጀመሩ ሌላ ሰው ልብ አላለም። ተድላም ልብ አላለም፤ መቀመጫ እየፈለገ ነበር።

መቀመጫ አላገኘም። ሁለተኛው ፎቶ ላይ ምስሉ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ላፕቶፑ ከቲቪው አጠገብ ካለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ አዳፕተሯ ላልታለች። ተድላ ጠጋ ብሎ በሁለት ጣቱ ወደ ውስጥ ገፋ ሲያደርጋት ምስሉ ተመለሰ፤ ሲለቃት ጠፋ። «ያዛት፣ ያዛት! እንደዚያው ያዛት!» አለ ኪዳነወልድ ከወዲያ ጫፍ፣ ቢራ የተደረደረበት ትሪ ይዞ። ተድላ ከቲቪው በስተቀኝ፣ ግድግዳው ሥር፣ ጎንበስ ብሎ ያዛት። ሰው ሁሉ ወደ እሱ አቅጣጫ ያያል፤ ማንም ግን እሱን አያይም። እሱ ራሱ ፎቶዎቹን የሚያየው አንገቱን ጠምዝዞ ነው። እናቱ በወጣትነቷ፤ እናቱ ኪዳነወልድ ሲመረቅ፤ እናቱ በያኔት ክርስትና፤ እናቱ በኪዳነወልድ አዲስ መኪና ውስጥ ቀበቶ ታስራ። እጁ ደንዝዟል። ወገቡ ያመዋል። ግን ይጠብቃል።

መጣች። የአቮካዶው ዛፍ፣ ነጭ ልብሷ፣ ወንበሯ። ከኋላዋ ኪዳነወልድና ሙሉዬ፣ በግራ በኩል ዘመድ። በቀኝ በኩል፣ እሱ ሊኖር በሚገባበት ቦታ፣ የቲቪው ጥቁር ጠርዝ። ከጠርዙ ውስጥ አንድ እጅ ወጥቷል፤ እጅጌ የለው፣ ፊት የለው፣ ጣቶቹ ብቻ ትከሻዋ ላይ አርፈዋል። ተድላ ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። ያው እጅ ነው።

የኪዳነወልድ ጎረቤት ኦቦ ዲሪርሳ፣ ሱሉልታ የተወለዱ አርሶ አደር ናቸው፤ ነገር ሳያውቁ ማለፍ አይወዱም። በከዘራቸው ወደ ቲቪው ጠቆሙ። «ያ እጅ የማን ነው?»

ኪዳነወልድ ትሪውን እንደያዘ ቀና ብሎ፣ ቲቪውን በጨረፍታ አይቶ፣ «እንጃ… ጎረቤት ይሆናል» አለና ቢራውን ማደሉን ቀጠለ።

ያኔት አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ተድላ አልጠበቃትም። ጣቶቹን አላነሳም፤ መዘዛት። ላፕቶፑን ከአዳፕተሯ፣ ገመዱን ከአዳፕተሯ ነቅሎ በደረት ኪሱ ከተታት። እናቱ ጠፋች፤ ግድግዳው የሚያህለው ቲቪ «ኖ ሲግናል» ብሎ ቆመ። «ምን ሆነ?» «መብራት ነው?» ሲባባሉ እሱ በሰዎቹ ጉልበትና በወንበሮቹ መሀል ሾልኮ ወጣ። «አንድ ጉዳይ አለብኝ» አለ፤ ለማን እንዳለው ራሱም አያውቅም። ሙሉዬ እስከ ውጭው በር ተከትላው ሮጠች፤ እጇ ወጥ ነክቷል። «ጋሼ ተድላ! ሳትቀምስ? የእናትህን ሳትቀምስ ትሄዳለህ?» አለች። ያቺ ቃል ነፍሱ ድረስ ገባች፤ የእናቱን ሙት ዓመት ሳይቀምስ የሄደ ሰው በየደረሰበት ይወራል። ግን እግሩ አልቆመም።

ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ያኔት ነች። አላነሳም። ደግማ ደወለች፣ ደግሞ ተወው። ቆርጠው አወጡኝ እያለ በልቡ ይመላለሳል፤ በመቀስ እንደሚቆረጥ ጋዜጣ ቆርጠው አወጡኝ፣ ከዚያ ደግሞ እኔን የቆረጡበትን ዕቃ በእጄ አስያዙኝ። እንዲያ እያለ እንጦጦን ሲያልፉ የቴሌግራም ድምፅ መጣ። ፎቶ ነው። ከፎቶው ሥር፦ «ጋሼ፣ ማንም አልቆረጠዎትም። ቲቪው ነው ጠርዝ ጠርዙን የሚበላው፣ ጽሑፌንም በልቶታል። ማስተካከያው ሪሞቱ ላይ ነው፣ ባትሪ አልነበረውም። ላፕቶፑ ላይ ሙሉ ነዎት፣ ይዩት። እባክዎ ይመለሱ፣ እየጠበቅንዎት ነው።»

አየው። አለ። ከእግር እስከ ራሱ አለ፤ የፋሲካ ጃኬቱን ለብሶ፣ ከሁሉም ጫፍ ቆሞ። በእሱና በወንበሩ መሀል ግን አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ባዶ ነው፤ እናቱን የያዛት ክንዱን ዘርግቶ፣ እንደሚያቃጥል ነገር በሩቁ ነው። ያኔ ያኔት ስልኳን ደቅና «ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉ! ጠጋ!» ስትል መዋሏ ትዝ አለው። «ይሄው እጄ ደርሷል» ነበር ያላት። ስልኩን ጭኑ ላይ ደፋው። ቲቪው ነው ጠርዙን የበላው፤ መልካም። «ጎረቤት ይሆናል» ያለው ግን ቲቪው አይደለም። ኪዳነወልድ የወንድሙን እጅ አላወቀውም። ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ አንድ ቀን እየመጣ፣ ያ እጅ ውኃ ሲያጠጣት፣ ያ እጅ ሲያነሳት ሲያይ ቆይቶ አላወቀውም። ወይስ አላየም? ቸኩሎ ነው ያየው፤ ትሪ ይዞ ነበር። ተድላ ይሄን ወዲያና ወዲህ ሲያገላብጥ አዲሱ ገበያ ደረሰ።

ወረደ። ከአስፋልቱ ማዶ ወደ ሱሉልታ የሚመለሱት ይጮኻሉ፦ «ሱሉልታ! የሞላ! አንድ ሰው ብቻ!» ተሻገረ። የታክሲውን በር ያዘ። «ግቡ ፋዘር፣ የእርስዎ ወንበር ነች» አለ ረዳቱ። ከገባ፣ ያንን ሳሎን በር ከፍቶ፣ ሁሉ ዞር ብሎ ሲያየው፣ አዳፕተሯን ከኪሱ አውጥቶ ማስረከብ ሊኖርበት ነው። ኪዳነወልድም «አመጣኸው?» ይላል። የበሩን እጀታ ለቀቀው። ታክሲው ሄደ፤ ቀጣዩም ሞልቶ ሄደ፤ እሱም ወደ አውቶቡስ ተራ የሚወስደውን ያዘ።

ሰበታ ሲደርስ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነው። ኦቦ ገርባ የተከረከመውን ቅርንጫፍ ሰብስበው እሳት ሊያያይዙ ነው።

«በጊዜ መጣህ። የአዮ ቀን እንዴት ዋለ?»

«ደህና ዋለ።»

«በላህ?»

«በላሁ» አለ፤ ሆዱ ጮኸ። ገባ ሲል ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። «ኦቦ ገርባ፣ ያኔ አምና… እናቴ ስታርፍ፣ እዚህ ድንኳን ይተከል ብዬ ብጠይቅዎ ይፈቅዱ ነበር?»

ኦቦ ገርባ ክብሪቱን እንደያዙ ቀና ብለው አዩት። «ማን ጠየቀኝ?» አሉ። «አጥሩን አፍርሼም ቢሆን እተክል ነበር። ዝም ብላችሁ ወሰዳችኋት።»

ክፍሉ ውስጥ መብራቱን አበራ። አዳፕተሯን ከመሐረቡ ፈቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት፤ እዚህ ቤት ውስጥ የምትገባበት ቀዳዳ የለም፤ በዋዛ ስልኩ ላይ ሞከራት፣ አትገባም። ስልኩ እንደገና አንድ ጊዜ ጮኸ። ያኔት ነች፦ «ጋሼ፣ ቲቪው ስላልሆነ ላፕቶፑን እጅ ለእጅ እያዞርን አየን። ሁሉም በየተራ ጭናቸው ላይ አድርገው አዩ። ኦቦ ዲሪርሳ መነጽር አስመጥተው ካዩ በኋላ፣ ‹ለካ ያ ገመድ ይዞ የቆመው ሰው ነው፣ ልጇ ነው እንዴ?› ብለው ሲጠይቁ አባዬ ‹ታላቄ ነው፣ እሱ ጋ ነው ያረፈችው› አለ። ከዚያ ወጥቶ በረንዳ ላይ ብዙ ቆመ። ምግብዎን አስቀምጠንልዎታል።»

ሁለቴ አነበበው። የፈለገው ነገር ሆኗል። እሱ በሌለበት ሆኗል። «እሺ» ብሎ ጻፈ፣ አጠፋው፤ «እመጣለሁ» ብሎ ጻፈ፣ እሱንም አጠፋው። ፎቶውን ከፍቶ ስልኩን በታጠፈው የእናቱ ፍራሽ ላይ፣ ፍራሹን ባሰረበት ገመድ አስደግፎ አቆመው። ወንበሩ በሩ አጠገብ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ቦታ ነበር። ተቀምጦ ከሩቅ አየው፤ ከዚያ ሆኖ ፊቷ አይለይም። ተነሳ፤ ወንበሩን አንስቶ ወደ አልጋው ጠጋ አለ።